አይሻ ለምን ተመልሳ እሳቱ ውስጥ ገባች?

ጥያቄው፦ «የራይደር ሃጋርድን "እሷ" የተባለ ልብ ወለድ በእንግሊዝኛ አንብቤ ጨረስኩ። ሦስት ሌሊት ነው የፈጀብኝ። ከዚያ ወዲህ ሌላ መጽሐፍ አልያዝልሽ ብሎኛል። የተደበቀ አገር፣ የማትሞት ንግሥት፣ ሞትን የሚሻገር ፍቅር ያለበት ሌላ ምን ላንብብ? አንድ ያናደደኝ ነገርም አለ። ለምንድን ነው መጨረሻ ላይ ሴትዮዋ የምትሞተው? ታላቅ እህቴ ደግሞ "የነጭ ቅዠት ነው፤ ስለ እኛ ምንም አያውቅም፤ ጊዜሽን አታባክኚ" ትለኛለች። እውነቷን ነው?»

መልስ፦

ሦስት ጥያቄ በአንድ ላይ ነው የላክሽልኝ። ከመሃለኛው ልጀምር። እሱ ከተፈታ ሌሎቹ ይከተላሉ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ላሳስብሽ፤ ስለ መጨረሻቸው ስትጠይቂኝ መጨረሻቸውን መናገሬ አይቀርም። ሳታውቂ ማንበብ የምትመርጪ ከሆነ የመጻሕፍቱን ስም ብቻ ለቅመሽ ቀሪውን አቆዪው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«እሷ»ን መጀመሪያ ያነበብኩት ተማሪ ሳለሁ ነው። ቅጂውን የገዛሁት ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ነው። ሽፋን የለውም። የመጨረሻዎቹ ገጾችም ተገንጥለዋል። የኔ መጽሐፍ የሚያበቃው ንግሥቲቱ አይሻ መጎናጸፊያዋን ጥላ፣ በረዥም ጸጉሯ ተሸፍና፣ ወደ ሕይወት እሳት ስትራመድ ነበር። ከዚያ በኋላ የጥራዙ ክር ብቻ ነው የሚታየው። ሙሉ ቅጂ እስካገኝ ሁለት ዓመት ገደማ ቆየሁ። በነዚያ ሁለት ዓመታት አይሻ ለእኔ አልሞተችም፤ እሳቱ ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር። ስለዚህ ንዴትሽ ይገባኛል። ሙሉውን ሳነብ እኔም ተናድጃለሁ።

ንዴቱ ሲበርድልኝ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። አይሻ እሳቱ ውስጥ መግባት አያስፈልጋትም ነበር።

እስቲ አብረን እንየው። አይሻ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት በዚያው እሳት ታጥባ ከሞት አምልጣለች። ካሊክራተስ የተባለ፣ የግብፅ አምላክ የኢሲስ ካህን ወደደች። እሱ ሚስቱን አሜናርታስን አልተውም አላት። በቅናት ገደለችው። ከዚያ ወዲህ በኮር ዋሻዎች ውስጥ፣ ያለፈ ሕዝብ አስከሬን በተደረደረበት፣ ተመልሶ ይወለዳል ብላ ስትጠብቀው ኖረች። የገደለችውን ሰው አስከሬን ሳይበሰብስ አጠገቧ አስተኝታ ነው የምታድረው። ሊዮ ቪንሲ የሚባል ወጣት እንግሊዛዊ ሲመጣ መልኩ ቁርጥ ካሊክራተስ ሆኖ አገኘችው። ያን ጊዜ ወጣቱን እጁን ይዛ ከአስከሬኑ ፊት ታቆመዋለች። ሊዮ የራሱን ሬሳ ያያል። ቀጥላ አስከሬኑ ላይ የሚበላ ፈሳሽ ታፈስበታለች። የሁለት ሺህ ዓመት ጓደኛዋ ጢስ ሆኖ ይጠፋል። ሕያው ከመጣላት ሙቱን ምን ታደርገዋለች?

በዚህ ሰዓት የጎደላት ነገር የለም። ውበቷም፣ ዕድሜዋም፣ ሥልጣኗም በእጇ ነው። ችግሩ ሊዮም እንደ እሷ እንዳይሞት እሳቱ ውስጥ መግባት ነበረበት፤ ፈራ። ማንም ይፈራል። ከምድር ሆድ እያገሳ የሚወጣ የእሳት ዓምድ ነው። እሱን ለማደፋፈር፣ «እይ፣ አይጎዳም» ለማለት ቀድማው ገባች። ልጅ መድኃኒት አልጠጣም ሲል እናት ቀድማ እንደምትቀምስለት ማለት ነው። ያጠፋትም ይኸው መግባቷ ነው። መጀመሪያ ፈገግታዋ ይደርቃል። ድምጿ ይሰነጠቃል። ክንዷ ይከሳል። እጇን ወደ ራሷ ስትሰድ ጸጉሯ በሙሉ ይረግፋል። ቆዳዋ እንደ አሮጌ ብራና ይጨማደዳል። እያነሰች እያነሰች ሄዳ የዝንጀሮ ያህል ትቀራለች። የሊዮ አሽከር ጆብ ይህን አይቶ በድንጋጤ ይሞታል። እሷ ግን በዚያች የመጨረሻ ትንፋሽ ስለ ሞቷ አታወራም። ውርደቴን እዘንልኝ፣ አትርሳኝ፣ ተመልሼ እመጣለሁ፣ ያን ጊዜም ቆንጆ እሆናለሁ ነው የምትለው።

የጠፋው ዓለም ልብ ወለድ ማለት፣ እኔ እንደማየው፣ ሰዓት የቆመበት ቦታ ታሪክ ነው። ውጭ ዘመን ይሮጣል። ከተራራው ጀርባ፣ ከረግረጉ ማዶ፣ ከበረሃው መሃል ያለችው አገር ግን እንደነበረች ናት። ለዚህ ሐሳብ እኛ ባዳ አይደለንም። ስለ ብሔረ ሕያዋን፣ በገዳማት ዙሪያ ስላሉ ስውራን እየሰማን ነው ያደግነው። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። የኛዎቹ ስውራን ጊዜን የሚሻገሩት የዓለምን ፍቅር ትተው ነው። አይሻ ጊዜን ያቆመችው አንድ ወንድ ለመጠበቅ ነው። የቆመ ሰዓት ደግሞ እንዲሁ አይነሳም። ከውጭ ሰው ይገባል። ይወደዳል። ያኔ ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል። ሁለት ሺህ ዓመት ተጠራቅሞ የቆየ ዕዳ በአንድ ደቂቃ ይከፈላል። ስለዚህ በዚህ ዓይነት መጽሐፍ ውስጥ ተአምሩና ፍቅሩ ሁለት ነገር አይደሉም። ፍቅሩን ብታወጪው ተአምሩ የዋሻ ማስጌጫ ሆኖ ይቀራል። አይሻ የሞተችው ስለወደደች ነው። ይህ አንዱ ምክንያት ነው፤ የጥበብ ምክንያት ነው፤ እኔ እቀበለዋለሁ።

ሁለተኛው ምክንያት ፍርሃት ነው። ይህን አልቀበለውም፤ ግን ማወቅ አለብሽ።

ሃጋርድ በ1856 እንግሊዝ ውስጥ ኖርፎክ ተወለደ። ልጅ ሳለ ሞግዚቱ ቁም ሳጥን ውስጥ የምታስቀምጣት አንዲት አስቀያሚ የጨርቅ አሻንጉሊት ነበረች። ልጆቹን ለማስፈራራት የምታወጣት ናት። ስሟ «ቃሏ የማይታጠፍ እሷ» እንደ ማለት ነው። አይሻን ሕዝቧ የሚጠራት በዚሁ ስም ነው። በ19 ዓመቱ፣ በ1875፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ ናታል ለቅኝ መንግሥት ሥራ ሄደ። እዚያ እያለ አገር ቤት የተዋት የሚወዳት ልጅ ሌላ አገባች። መጽሐፉን የጻፈው ተመልሶ በ1886 መጀመሪያ ላይ በስድስት ሳምንት ገደማ ነው። መጀመሪያ ከጥቅምት ጀምሮ በአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ በተከታታይ ወጣ። ጥር 1887 በመጽሐፍ መልክ ታተመ። ያ ዓመት ንግሥት ቪክቶሪያ 50ኛ የንግሥና ዓመቷን ያከበረችበት ነው።

አሁን ወደ መጽሐፉ ተመለሺ። አይሻ ሊዮን አግብታ ወደ እንግሊዝ ልትሄድ ታስባለች። እንግሊዝ ንግሥት እንዳላት ሲነግሯት ነገሩ አያስጨንቃትም፤ ንግሥቲቱን ማንሳት ይቻላል ትላለች። ተራኪው ሆሊ ይህን ሲሰማ ላብ ያጠምቀዋል። ይህች ሴት ለንደን ከደረሰች ማን ያቆማታል? ደራሲው መልስ አልነበረውም። እዚያው ዋሻ ውስጥ አስቀራት። ሴትና ሥልጣን አንድ ላይ ሲመጡ የዚያ ዘመን ወንድ የሚይዝ የሚጨብጠው ያጣል። ስታነቢ ሁለቱን ሞቶች ለዪ። አንዱ የፍቅር ዋጋ ነው። አንዱ የደራሲው ፍርሃት ነው። በ«እሷ» ውስጥ ሁለቱ በአንድ እሳት ውስጥ ተደባልቀዋል። መጽሐፉ ከመቶ ዓመት በላይ የኖረውም ለዚህ ይመስለኛል። የሥነ ልቦና ሊቁ ፍሮይድ ስለ ሕልም በጻፈው መጽሐፉ ውስጥ አንስቶታል፤ ዩንግም ወንድ በውስጡ ስለሚሸከማት የሴት ምስል ሲያስረዳ አይሻን በምሳሌነት ይጠቅሳል።

ንዴትሽን በከፊል የሚያበርድልሽ መጽሐፍ ግን አለ። መጀመሪያ እሱን አንብቢ። ሃጋርድ ራሱ በ1905 ያሳተመው «አይሻ» ነው፤ የ«እሷ» ተከታይ። ሊዮና ሆሊ ለዓመታት ሲፈልጓት ቆይተው መካከለኛው እስያ ተራሮች ውስጥ ይደርሳሉ። እዚያ ሊዮን ሁለት ሴቶች ይጠብቁታል። አንደኛዋ አቴኔ የምትባል ወጣትና ቆንጆ ገዢ ናት። ሌላዋ ተሸፋፍና የተቀመጠች የእሳት ተራራ ካህን ናት። ሽፋኗ ሲነሳ ከዋሻው እሳት ስትወጣ የነበረችው አሮጊት ናት። የተጨማደደች፣ የከሰመች። ሊዮ መምረጥ አለበት። ማንም አያስገድደውም። ወደ አሮጊቷ ይሄድና ያንን ግንባር ይስማል። ከዚያ በኋላ ነው ውበቷ የሚመለሰው።

በዚህ ዘርፍ ውስጥ ካነበብኳቸው ገጾች ሁሉ ይህን አብልጬ እወዳለሁ። የመጀመሪያው መጽሐፍ ውበት ሲረግፍ ፍቅር ይተርፋል ወይ ብሎ ጠይቆ በድንጋጤ ሸሸ። ሁለተኛው ከ18 ዓመት በኋላ መለሰ። መጨረሻው አሁንም ሞት ነው፤ በዚህ ጊዜ ግን የሚሞተው ወንዱ ነው። እቅፌ ውስጥ ግቢ ብሎ ይለምናታል፤ እሷ ሥጋህ አይችለኝም ትለዋለች፤ አልሰማ ይላል፤ ስትስመው ይሞታል። መጽሐፉ እንደ መጀመሪያው አይፈጥንም። መሃሉ ላይ የተራራ ጉዞው ይንዛዛል። ታገሺው። የሃጋርድን ሕይወት የሚያጠኑ ደግሞ አንድ ነገር ይነግሩናል። ያቺ በወጣትነቱ ትታው ሌላ ያገባችው ሴት በኋላ ባሏ ጥሏት ታመመች። እስክትሞት ድረስ፣ እስከ 1909፣ የረዳት ሃጋርድ ነው።

ቀጥሎ ከእንግሊዝ ውጪ እንውጣ። ፒየር ቤኗ የተባለ ፈረንሳዊ በ1919 «አትላንቲድ»ን አሳተመ፤ በዚያው ዓመት የፈረንሳይ አካዳሚ የልብ ወለድ ሽልማትን አገኘበት። ሰሃራ በረሃ፣ ሆጋር ተራሮች ውስጥ፣ አንቲኔያ የምትባል ንግሥት አለች። ዘሯ ከጠፋችው አትላንቲስ ነገሥታት ነው። መኮንኖችና አሳሾች ይመጣሉ፤ ይወዷታል፤ በፍቅሯ ይሞታሉ። አስከሬናቸው በብርቅ ብረት ተለብጦ በቀይ እብነ በረድ አዳራሽ ግድግዳ ውስጥ ይቆማል። 120 ቦታ ተዘጋጅቷል። ገና አልሞላም። እዚህ ሰዓቱ የሚነሳው በወንዶቹ ላይ ነው፤ እሷ ምንም አትሆንም። አንድ ሞርሃንዥ የሚባል መኮንን ብቻ እምቢ ይላታል፤ እሱን የሚገድለው የገዛ ጓደኛው ሴንታቪ ነው፤ በብር መዶሻ። ሴንታቪ አምልጦ ይወጣል። አስፈሪው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ወዶ ይመለሳል። ቦታው ግድግዳው ውስጥ እንደሚጠብቀው እያወቀ ይመለሳል።

ቤኗ ከ«እሷ» ወስዷል ተብሎ ተከሷል። እንግሊዝኛ አላነብም ብሎ ተከራከረ። ሁለቱን አንብበሽ አንቺ ፍረጂ። መጽሐፉ ከወጣ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1925፣ እዚያው ሆጋር ውስጥ አባለሳ ላይ ጥንታዊ መቃብር ተከፈተ። የአካባቢው ሕዝብ ቱአሬጎች የእናታችን የቲን ሂናን መቃብር ነው የሚሉት ነው። ውስጡ የአንዲት ሴት አጽም ከነጌጧ ተገኘ።

ሦስተኛው የጄምስ ሂልተን «የጠፋው አድማስ» ነው፤ 1933። ሻንግሪላ የሚለው ቃል የመጣው ከዚህ ነው። ቃሉ ዛሬ የሆቴል ስም ሆኗል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የዕረፍት ቦታቸውን በ1942 እንዲህ ብለው ጠርተውት ነበር፤ አሁን ካምፕ ዴቪድ የሚባለው ነው። በቻይና አንድ ከተማም በ2001 ስሟን ወደ ሻንግሪላ ቀይራለች። መጽሐፉ ጸጥ ያለ ነው፤ ዋሻም፣ የሚያገሳ እሳትም የለበትም። ቲቤት ውስጥ ሰው ቶሎ ሳያረጅ ረጅም ዘመን የሚኖርበት ገዳም አለ። ሎ-ሴን የምትባል፣ ሐርፕሲኮርድ የተባለ ፒያኖ መሰል መሣሪያ በዝምታ የምትመታ ልጅ እግር አለች። አንድ ወጣት እንግሊዛዊ ይወዳትና ይዟት ይወጣል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ደራሲው አያሳይሽም። መጨረሻው ገጽ ላይ አንድ ሐኪም አብሯቸው የወጣውን ታማሚ ያመጣችው ሴት ምን ዓይነት እንደነበረች ይጠየቃል። በሕይወቱ እንደዚያ ያረጀች ሴት አይቶ አያውቅም። በቃ። የአይሻ ሞት ገጾችን የወሰደ ነው፤ የሎ-ሴን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል። የትኛው የበለጠ እንደሚያም እስካሁን አልወሰንኩም።

አሜሪካዊው አብርሃም ሜሪት ደግሞ ቋንቋው ከባድ ነው፤ ቅጽል በቅጽል ላይ ይከምራል። አንዱን ብቻ ልምከርሽ፤ «የኢሽታር መርከብ»፣ 1924። ኬንተን የሚባል ሰው ኒው ዮርክ ቤቱ ውስጥ ከባቢሎን የመጣ ድንጋይ ይደርሰዋል። ድንጋዩ ሲሰበር ውስጡ ትንሽ የመርከብ አምሳል አለ። ዓይኑን ሲተክልባት መርከቧ ላይ ያገኘዋል። የመርከቧ ግማሽ ነጭ፣ ግማሽ ጥቁር ነው። በነጩ በኩል የፍቅር አምላክ የኢሽታር ካህን ሻራኔ፣ በጥቁሩ በኩል የሞት አምላክ የኔርጋል አገልጋይ ክላኔት አሉ። ኬንተን ሳይወድ በግድ ወደ ክፍሉ ይመለሳል፤ ሲመለስ የሰዓቱ ቆጣሪ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሄደው። ቁስሉ ግን አብሮት ይመጣል። ያች ነገር ናት የገዛችኝ። በሕልም አገር የተወጋ ሰው ምንጣፉ ላይ ደም ያፈሳል።

የኮናን ዶይልን «የጠፋው ዓለም»ና የሃጋርድን «የንጉሥ ሰሎሞን ማዕድን» ሰዎች መጀመሪያ ይጠቁሙሻል። ጥሩ መጻሕፍት ናቸው፤ ግን ላንቺ ጥያቄ አይሆኑም። አንደኛው ዳይኖሰር ነው የሚያሳይሽ፣ ሌላኛው አልማዝ።

ወደ እህትሽ እንምጣ። እህትሽ ግማሽ እውነት ይዛለች፤ ያም ግማሽ ቀላል አይደለም።

ሴትዮዋ ለምን ትሞታለች ስትዪኝ አይሻን ብቻ ነበር ያሰብሻት። ኡስታኔንስ? ሊዮን መጀመሪያ የወደደችው፣ ሲታመም ያስታመመችው፣ ሰዎች ሊገድሉት ሲመጡ በላዩ ላይ የተኛችለት፣ አይሻ የምትገዛው የአማሃገር ሕዝብ ልጅ ናት። (ስሙን ስንሰማ ጆሯችን «አገር» ይላል። መጽሐፉ ግን የድንጋይ ሰዎች ብሎ ነው የሚፈታው፤ ወደ አረብኛው ሐጀር ይቀርባል።) አይሻ መጀመሪያ ሦስት ጣቷን ጸጉሯ ላይ ብቻ ታሳርፋለች። በጥቁሩ ጸጉር ላይ ሦስት በረዶ የመሰለ ነጭ መስመር ይቀራል። ኡስታኔ ምልክቱን ተሸክማ እንኳ ተመልሳ ወደ ሊዮ ትመጣለች። ያኔ አይሻ ትገድላታለች። ሊዮ ትንሽ ይቆጣል፤ ከዚያ በአይሻ ውበት ይረታል። በ«ንጉሥ ሰሎሞን ማዕድን» ውስጥ ፉላታ የምትባል ልጅ አለች። እንግሊዛዊውን ወዳ፣ እሱን ለማዳን ሞተች። ስትሞት በአፏ የተጨመረላት ቃል፣ ፀሐይ ከጨለማ ጋር ነጭም ከጥቁር ጋር አይጋባምና መሞቴ ደስ ይለኛል የሚል ነው። በ«አትላንቲድ» ደግሞ ሴንታቪን የምታስመልጠው ታኒት ዜርጋ፣ የጋኦ ልጅ፣ በረሃው ላይ በጥም ትሞታለች። 1885፣ 1887፣ 1919። ሦስት መጽሐፍ፣ አንድ ዓይነት ልጅ። ንግሥቲቱ ስትሞት ምድር ይናወጣል። ያች ልጅ ስትሞት ጉዞው ይቀጥላል። ሁለተኛ ስታነቢ ኡስታኔን ተከተያት። ሌላ መጽሐፍ ነው የምታገኚው።

ከተማዎቹም እንዲሁ ናቸው። በነዚህ መጻሕፍት አፍሪካ ውስጥ የሚገኝ ፍርስራሽ ሁሉ ገንቢው ሌላ ነው፤ የጠፋ ነጭ ሕዝብ፣ ፊንቄ፣ ሰሎሞን። ይህ የሃጋርድ ጥፋት ብቻ አልነበረም። ካርል ማውክ የተባለ ጀርመናዊ በ1871 ታላቁ ዚምባብዌ የሚባለውን የድንጋይ ከተማ ፍርስራሽ ሲያይ ከንግሥተ ሳባ ጋር አያያዘው። በ1905 ራንዳል ማክአይቨር፣ በ1929 ደግሞ ገርትሩድ ኬተን ቶምሰን ቆፍረው የአፍሪካውያን ሥራ መሆኑን አሳዩ። ግንቡን የሠሩት የሾና ሕዝብ ቀደምቶች ናቸው። ልብ ወለዱ ግን ከቁፋሮው ቀድሞ አንባቢው ጭንቅላት ውስጥ ገብቶ ነበር።

እህትሽ የሳተችው «ስለ እኛ ምንም አያውቅም» ያለችው ላይ ነው። ስለ እኛ ሰምቷል። ችግሩ የሰማበት መንገድ ነው። አውሮፓ የጠፋ ዓለም ስትፈልግ መጀመሪያ ካሰበቻቸው ቦታዎች አንዱ የኛ አምባ ነው። ነገሥታት ልጆቻቸውን የሚያኖሩበት የግሸን አምባ ወሬ ባሕር ተሻግሮ ሚልተን በ1667 ገነትን ሲስል እንኳ ጠቅሶታል። ሳሙኤል ጆንሰን በ1735 የፖርቱጋላዊውን ኢየሱሳዊ የጄሮኒሞ ሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ ተረጎመ። በ1759 ከዚያ ትዝታ «ራሴላስ»ን ጻፈ፤ በሲራክ ኅሩይ እጅ ወደ አማርኛ ተመልሷል። የሚገርመው የራሴላስ አቅጣጫ ነው። በሌሎቹ መጻሕፍት ውጪ ያለው ሰው ወደ ተደበቀው ሸለቆ ለመግባት ይሞታል። ራሴላስ ሸለቆው ውስጥ ሆኖ፣ ምንም ሳይጎድለው፣ ተራራውን በስቶ ይወጣል።

«እሷ» ውስጥም በሩ ላይ ተጽፈናል። ሊዮ 25 ዓመት ሲሞላው የሚከፍተው ሣጥን ውስጥ ያለውን ገል አስታውሺ። አሜናርታስ መንገዱን ስትናገር በኢትዮጵያዊ ራስ አምሳል የተቀረጸውን ዓለት ፈልጉ ትላለች። ግሪኮች ጥቁሩን ሁሉ ኢትዮጵያዊ ይሉ ስለነበር ነው። እንደዚያም ሆኖ፣ ወደ ጠፋው ዓለም የሚያስገባው ምልክት የኛ ፊት ነው።

ሁለት መጽሐፍ ደግሞ በቀጥታ ወደ እኛ ይመጣሉ። አንዱ የኤድጋር ራይስ ባሮውስ «ታርዛንና የወርቅ ከተማ» ነው፤ 1932 በመጽሔት፣ በ1933 በመጽሐፍ ወጣ። የሚጀምረው በኛ ክረምት ነው። ከትግራይና ከአማራ እስከ ጎጃም፣ ሸዋና ከፋ የሚወርደው ዝናብ ደለሉን ይዞ ወደ ሱዳንና ግብፅ ሲሄድ። ታርዛንን የሚያሳድዱት ሰዎች ስማቸው ሽፍታ ነው፤ ቃሉ እንዳለ ተወስዷል። ከዚያ የወርቅ ከተማዋን ንግሥት ኔሞኔን ያገኛል። ሕይወቷ ቤልታር ከሚባል አንበሳ ጋር የታሰረ መሆኑን ታምናለች። ታርዛንን ትወደዋለች፤ እሱ አይወዳትም። አንበሳው ሲሞት ጩቤዋን ራሷ ላይ ትሰካለች። የመጀመሪያውን ገጽ አልፈሽ ኢትዮጵያን ብትፈልጊ አታገኚያትም፤ ከተማዋ በሙሉ ፈጠራ ናት። ለንግሥቲቱ ስትዪ አንብቢው።

ሌላው የሃጋርድ «የንግሥተ ሳባ ቀለበት» ነው፤ 1910። ይህን ከእህትሽ ጋር አብራችሁ ብታነቡት ደስ ይለኛል። ሙር በምትባል በተራራ የተከበበች አገር፣ ከሐበሻ አይሁድ የመጡ አባቲ የሚባሉ ሕዝብ ይኖራሉ። ንግሥታቸው ማቄዳ ናት፤ የሳባ ዘር። ኦርም የሚባል እንግሊዛዊ መኮንን ይወዳታል። መጽሐፉ የማዕረግ ስሟን «ወልደ ነገሥት» ይለዋል፤ የነገሥታት ልጅ ማለት ነው ብሎም ይተረጉማል። የግእዝ ቃል ቆንጠር አድርጎ ያገኘ ሰው ነው የጻፈው፤ ጾታውን ግን አላወቀም። ለሴት ወለተ ነው የሚባለው። እህትሽ እዚህ ላይ ፈገግ ማለቷ አይቀርም። አባቲዎቹን በፈሪነትና በስንፍና የሚስልበት መንገድ ግን ያሳዝናል። እውነተኞቹ ቤተ እስራኤል በስሜን ተራሮች ለዘመናት ከነገሥታት ጋር የተዋጉ ሕዝብ ናቸው፤ እስከ አፄ ሱስንዮስ ዘመን ድረስ። ይህን እያወቃችሁ አንብቡት።

«እሷ»፣ «አትላንቲድ» በእንግሊዝኛ ትርጉሙ፣ «የንግሥተ ሳባ ቀለበት» በፕሮጀክት ጉተንበርግ ላይ በነፃ ይገኛሉ፤ ስልክሽ ላይ ማውረድ ትችያለሽ። ቅደም ተከተሉን ካልሽኝ፦ አሁኑኑ ተከታዩን «አይሻ»ን፤ ከዚያ «አትላንቲድ»ን፤ ሻንግሪላን ደግሞ ዝናብ በሚዘንብበት ቅዳሜ በአንድ ቀን ጨርሺው። የሜሪትን መርከብ አትቸኩዪበት።

የማቄዳን ነገር አስተውለሽ ከሆነ መጨረሻዋን አልነገርኩሽም። የሌሎቹን ሁሉ ስለጠየቅሽኝ ተናገርኩ። እሷን ግን እኔ ያን ጊዜ አይሻን እንዳገኘኋት አግኚያት፤ ገጹ ገና ሳይገለጥ።